የእንግዳ ድርጎና የወፍጮ ድምፅ
የይፋት ቆላ ማዕድ በባዕዳን ተጓዦች ዘመን

በባዕድ አገር ብዙ የሰነበተ ሰው የዚያን አገር ሕዝብ አስቀድሞ የሚያውቀው በማዕዱ ነው። ቋንቋው ገና አልገባውም፤ ሕጉንና ሥርዓቱን ገና አልለየም፤ ነገር ግን በየዕለቱ ይበላል፣ ይጠጣል፤ ማን እንዳቀረበለት፣ ከማን ጋር እንደሚቆርስ፣ የትኛው ምግብ እንደተከለከለና የትኛው እንደተፈቀደ ያያል። ስለሆነም የተጓዦች መጻሕፍት ስለ ነገሥታትና ስለ ጦርነት በሚሰጡት ሐተታ ብዙ ጊዜ ቢሳሳቱም፣ ስለ ምግብና ስለ ቤት ውስጥ ኑሮ በጻፉት ላይ ለታሪክ ተመራማሪ የበለጠ ይጠቅማሉ።

በ19ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ከታጁራ ተነሥተው በአፋር በረሃ አቋርጠው ወደ አንኮበር የወጡት አውሮጳውያን በይፋት ቆላና በአፋፉ ላይ ለወራት፣ አንዳንዶቹም ለዓመታት ተቀምጠዋል። ከመካከላቸው ፈረንሣዊ፣ እንግሊዛዊና ጀርመናዊ ይገኙባቸዋል። ወደየአገራቸው ሲመለሱ በለንደንና በፓሪስ መጻሕፍት አሳትመዋል። በእነዚህ መጻሕፍት ውስጥ ንጉሡ፣ ባላባቱና ነጋዴው በስማቸው ተጽፈዋል። ለተጓዦቹ እንጀራ የጋገሩት፣ ጠላ የጠመቁትና እህል የፈጩት ሴቶች ግን አብዛኛዎቹ ስም የላቸውም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያንን ማዕድ መሠረት አድርጎ የይፋትን የዕለት ኑሮ መመርመርና ለማዕዱ የደከመውን እጅ ማሳየት ነው።

ሀገሩና አዝመራው

ይፋት ከሸዋ ደጋ ምሥራቃዊ ጠርዝ እስከ አዋሽ ሸለቆ የሚወርድ ምድር ነው። ከላይ አንኮበርና ጣርማ በር በብርድና በጉም ተሸፍነው ይታያሉ፤ ከታች ደግሞ በሸዋ ሮቢት፣ በጀውሃና በሰንበቴ በኩል ሜዳው ወደ አፋር በረሃ ይዘረጋል። በአንድ ቀን የእግር መንገድ ውስጥ ገብስና ባቄላ ከሚበቅልበት ውርጭ ወርዶ ማሽላ፣ ጥጥና ጫት ወደሚበቅልበት ሙቀት መግባት ይቻላል። አንዱ የሌለውን ከሌላው የሚያገኝበት ይህ የተፈጥሮ አቀማመጥ ለገበያ፣ ለጉርብትናና ለምግብ ዓይነት መብዛት መሠረት ሆኗል።

በይፋት ማሽላ የቆላው ሰው ዋነኛ እህል ነው። እንጀራው፣ ቂጣው፣ ገንፎውና ንፍሮው ከእርሱ ይዘጋጃል፤ ገና እሸት ሳለም በእሳት ተጠብሶ ይፈተፈታል፤ አገዳው ለከብት መኖ፣ ለአጥርና ለማገዶ ይሆናል። ጤፍ በመካከለኛው ወይና ደጋ ይበቅላል። ከአፋር አርብቶ አደር ዘንድ ወተት፣ ቅቤና ከብት ይመጣል፤ ከደጋው ገብስ፣ ባቄላና የበግ ሥጋ ይወርዳል። አማራው፣ አርጎባው፣ ኦሮሞውና አፋሩ በአንድ ገበያ የሚገናኙት በዚህ ምክንያት ነው።

የአካባቢው የምግብ ታሪክ በጽሑፍ መታወቅ የጀመረው ከአውሮጳውያኑ ብዙ ቀደም ብሎ ነው። እ.ኤ.አ. በ1285 የወላስማ ሥርወ መንግሥት የቀድሞውን የሸዋ ሱልጣኔት ድል አድርጎ በይፋት ጸና። በ14ኛው ምዕተ ዓመት በካይሮ የነበረው ጸሐፊ አል-ዑመሪ ከይፋት መጥተው ከነገሩት ሰዎች ሰምቶ ስለ አገሪቱ አዝርዕት፣ ፍራፍሬና ከብት ጽፏል፤ ስለ ጫት ከተጻፉት ጥንታዊ ማስረጃዎችም አንዱ የእርሱ ነው። የዐፄ ዐምደ ጽዮን ዜና መዋዕል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1332 ንጉሡን የተዋጋው የይፋቱ ሰብረዲን የንጉሡን ከተማ ይዞ ጫት ሊተክልባት መዛቱን ያወሳል። በዚያ ዘመን አንድ ተክል የአንድን ማኅበረሰብ ማንነት መግለጫ እስከመሆን ደርሶ እንደነበር ከዚህ መገንዘብ ይቻላል። የሰው ማዕድ የሃይማኖቱና የፖለቲካው ምልክት መሆኑ በይፋት የቆየ ነገር ነው።

እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ ዓመታት ፍራንሷ ዣቪዬ ፎቬልና ቤርትራን ሂርሽ የተባሉ የፈረንሣይ ተመራማሪዎች ከባልደረቦቻቸው ጋር በአካባቢው ባደረጉት ጥናት አስባሪ፣ መሳልና ኖራ በተባሉ ስፍራዎች የመስጊድ፣ የመኖሪያ ቤትና የመቃብር ፍርስራሾችን መርምረዋል። በድንጋይ የተሠሩት እነዚህ ከተሞች ይፋት የበረሃ መተላለፊያ ብቻ ሳይሆን የተደላደለ የከተማ ኑሮ የነበረባት አገር መሆኗን አስረድተዋል። በእነዚያ ቤቶችም እሳት ይነድ፣ እህል ይፈጭ፣ እንግዳ ይስተናገድ ነበር።

የእንግዶቹ መምጣት

ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሸዋን ከ1813 እስከ 1847 እ.ኤ.አ. ገዝቷል። በእርሱ ዘመን ወደ ባሕር የሚወስደው ዋነኛ መንገድ ከአንኮበር ወርዶ በአልዩ አምባና በፋሬ አልፎ፣ አዋሽን ተሻግሮ፣ በአሳል ሐይቅ በኩል ታጁራ ይደርስ ነበር። ከባሕሩ ወገን ጨርቅ፣ ብረታ ብረትና ሌላ የውጭ ዕቃ ይመጣል፤ ከሸዋ በኩል ደግሞ ቡና፣ የዝሆን ጥርስና፣ ለሰው ልጅ ታሪክ አሳፋሪ የሆነው፣ በባርነት የሚሸጥ ሰው ይወርዳል። ከአሳል የሚመጣው ጨው በግመል ተጭኖ ይፋት ይደርሳል። ከሰሜን የሚመጣው አሞሌ ደግሞ ወጥ ማጣፈጫ ብቻ ሳይሆን የገበያ ገንዘብም ነበር፤ አንዲት እመቤት ከሞሰብዋ አጠገብ ያስቀመጠችው ጨው ምግብም ሀብትም ነበረ ማለት ነው።

ሚሲዮናውያኑ ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍና ካርል ቪልሄልም ኢዘንበርግ በዚህ መንገድ ተጉዘው እ.ኤ.አ. በሰኔ ወር 1839 አንኮበር ገቡ። ኢዘንበርግ በዚያው ዓመት ሲመለስ ክራፕፍ እስከ 1842 ድረስ በሸዋ ቆየ። በ1839 ፈረንሣዊው ሮሼ ዴሪኩር ደረሰ፤ ወደ አገሩ ተመልሶም ለሁለተኛ ጊዜ መጣ። በ1841 ካፒቴን ዊሊያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ የሚመራው የእንግሊዝ መልእክተኛ ቡድን ብዙ ስጦታ ጭኖ ገባ፤ ከቡድኑ ጋር የመጣው ሠዓሊ ዮሐን ማርቲን ቤርናትስ ያየውን በሥዕል አስቀርቷል። በ1842 ደግሞ ሐኪሙ ቻርልስ ጆንስተን ብቻውን ከነጋዴዎች ጋር ተጉዞ ደረሰና በአልዩ አምባ ቤት ይዞ ተቀመጠ።

እንግዶቹን በመጀመሪያ የሚቀበላቸው የይፋት ባላባት ወላስማ መሐመድ ነበር። ስሙ እንደሚያመለክተው የጥንቱ ሥርወ መንግሥት ወራሽ ሲሆን፣ በንጉሡ ዘመን የመንገዱና የጎንቾ እስር ቤት ጠባቂ ነበር። የንጉሡ ፈቃድ እስኪመጣ ድረስ እንግዳው በፋሬ ይጠብቃል። ከዚያ በኋላ ወደ ደጋው ይወጣል፤ ከዚያም ሰዓት ጀምሮ የንጉሡ ድርጎኛ ይሆናል።

ድርጎ ምን ነበር?

ድርጎ ንጉሡ ለእንግዳ፣ ለባለሙያና ለአገልጋይ በየዕለቱ ወይም በየጊዜው የሚቆርጥለት ስንቅ ነው። እንጀራና ዳቦ፣ ወጥ፣ ጠጅና ጠላ፣ ማርና ቅቤ፣ አልፎ አልፎም በግ ወይም ፍሪዳ ይሰጣል። የድርጎው ብዛትና ጥራት የእንግዳውን ክብር ይለካል። ንጉሡ ሲደሰት ጠጁ ይጠነክራል፣ እንጀራው ይነጣል፤ ቅር ሲለው ድርጎው ይዘገያል፣ ይቀንሳል። ስለሆነም ተጓዦቹ ከፖለቲካ ንግግር ይልቅ የድርጎውን መብዛትና ማነስ እያዩ የንጉሡን ልብ ለማወቅ ይሞክሩ ነበር።

ድርጎ ቸርነት ብቻ አልነበረም፤ የአገዛዝ መሣሪያም ነበር። ንጉሡ የሚመግበው እንግዳ ከንጉሡ ፈቃድ ውጭ እንደልቡ አይንቀሳቀስም። ወደ አገሩ መመለስ ቢያስብ እንኳ ስንቅ፣ አጋሰስና መንገድ መሪ የሚያገኘው በቤተ መንግሥቱ መልካም ፈቃድ ነው። ሙያ ያለው ከሆነ ደግሞ ጠመንጃ እንዲያድስ፣ ባሩድ እንዲቀምም፣ ቤት እንዲሠራ ይጠየቃል። እንግዳውን የያዘው ሰንሰለት ከብረት ሳይሆን ከእንጀራ የተሠራ ነበር ቢባል ከእውነት አይርቅም።

ይህ ማዕድ ከየት ይመጣ ነበር? ንጉሡ ራሱ አላረሰም። ማሩ የገባሩ የማር ግብር ነው፤ እህሉ ገበሬው በሁዳድ ያረሰውና ከጎተራው የተቆረጠበት ነው፤ በጉና ፍሪዳው ከገባሩ በረት የተነዱ ናቸው። በአንኮበር ቤተ መንግሥት እንጀራ ቤቱ፣ ወጥ ቤቱ፣ ጠጅ ቤቱና ጠላ ቤቱ እያንዳንዱ የየራሱ አለቃና ብዙ አገልጋይ ነበረው። በእነዚህ ቤቶች ውስጥ ከሚደክሙት ብዙዎቹ በባርነት የተያዙ ሴቶች ነበሩ። አንድ የአውሮጳ መልእክተኛ በጽሑፉ የንጉሡን ለጋስነት ሲያመሰግን፣ ምስጋናው ሊደርሳቸው የሚገባው ብዙ ሰዎች ከበስተኋላ ቆመው ነበር።

የአልዩ አምባ ቤት

ሃሪስና ጓደኞቹ በአንኮበር በመልእክተኛ ክብር ሲኖሩ፣ ጆንስተን ግን ከሕዝቡ መካከል ነበር። አልዩ አምባ በአንኮበር ግርጌ በተራራ ላይ የተቀመጠች የነጋዴ ከተማ ነች፤ አርጎባው፣ አፋሩ፣ ሐረሪውና የሸዋው ሰው ይገናኙባታል፤ ትልቁ ገበያዋ ዐርብ ይውላል። ሐኪሙ በንዳድ ታሞ ብዙ ጊዜ ከቤት ስለዋለ፣ በጤናው ዘመን ያላየውን የቤት ውስጥ ሥራ ለማየት ዕድል አገኘ። እህል እንዴት እንደሚፈጭ፣ ጠላና ጠጅ እንዴት እንደሚጠመቁ፣ ጥጥ እንዴት እንደሚፈተል ጽፏል። በ1844 በለንደን የታተመው ባለሁለት ቅጽ መጽሐፉ ለይፋት የማኅበራዊ ኑሮ ታሪክ ጠቃሚ ምንጭ የሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

የዚያ ዘመን የይፋት ቤት ሥራ ገና ጎሕ ሳይቀድ ይጀምራል። ሴቲቱ ከወፍጮው ፊት ተንበርክካ መጁን በሁለት እጅዋ ይዛ ወደፊትና ወደኋላ ትገፋለች። ማሽላው አንድ ጊዜ ይሸረከታል፤ ሁለተኛ ይፈጫል፤ ለእንግዳ ከሆነ ደግሞ ሦስተኛ ይደቅቃል። ዱቄቱ ተነፍቶ በእርሾ ይቦካል፤ ከቀናት በኋላ ምጣዱ ይሰማል፣ አክንባሎው ይከደናል። ውኃው ከወንዝ በእንስራ ይወጣል፤ በተራራ ላይ ለተሠራች ከተማ ይህ ራሱን የቻለ ከባድ ድካም ነው። እንጨቱ ከገደል ይለቀማል። ከዚህ ሁሉ በተረፈው ጊዜ እንዝርት ይሾራል፤ ጥጡ ድርና ማግ ሆኖ ወደ ሸማኔው ይሄዳል።

ወንዱ የሚያርሰው፣ የሚነግደውና የሚያርደው ነው። ከብት ማረድ የወንድ፣ እሳት ላይ መጣድ የሴት ሥራ ሆኖ በልማድ ተከፍሏል። ልጆች ከብት ይጠብቃሉ፤ በማሽላ ወራት ማማ ላይ ወጥተው በወንጭፍ ወፍ ያባርራሉ። ቤተሰቡ ሲበላ አባወራውና እንግዳው ይቀድማሉ፤ እናትና ልጆች ይከተላሉ። እንግዳው የሚያየው የተሞላውን መሶብ ነው፤ ከእርሱ በኋላ በመሶቡ ላይ የተረፈውን ግን ሁልጊዜ አያይም።

ጠላ ለመጥመቅ ጌሾው ይወቀጣል፣ ብቅሉ ይፈጫል፣ አሻሮው ይቆላል፣ ጋኑ በወይራ ይታጠናል። ይህ ዕውቀት በጽሑፍ ያልተቀመጠ፣ ከእናት ወደ ልጅ በእጅ የተላለፈ ሙያ ነው። ተጓዡ መጠኑንና ቅደም ተከተሉን ሲመዘግብ እንደ አዲስ ግኝት ቆጥሮት ይሆናል፤ በእርግጥ ያደረገው ግን ከባለሙያይቱ አፍና እጅ መማር ነበር።

ሁለት ቢላዋ፣ አንድ ጉርብትና

በይፋት የኖረ እንግዳ ፈጥኖ የሚገነዘበው አንድ ነገር ሥጋ ሃይማኖት ያለው መሆኑን ነው። ክርስቲያኑ ሙስሊሙ ያረደውን፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑ ያረደውን አይበላም። እንግዳው የትኛውን ሥጋ እንደበላ ከታየ የትኛው ወገን እንደሆነ ይፈረድበታል። ከፋሬና ከአልዩ አምባ ሙስሊሞች ጋር የተጓዘ አውሮጳዊ አንኮበር ሲደርስ ክርስቲያን መሆኑን በአፉ ብቻ ሳይሆን በማዕዱና በጾሙም ማስረዳት ነበረበት። ረቡዕና ዐርብ ሥጋ የሚበላ፣ በዐቢይ ጾም ወተት የሚጠጣ እንግዳ በካህናቱ ዓይን ምን ዓይነት ክርስቲያን እንደሆነ ያጠያይቃል። ክራፕፍን የመሳሰሉ ሚሲዮናውያን ስለ ሃይማኖት ከሸዋ ሊቃውንት ጋር ያደረጉት ክርክርም ከጾም ጥያቄ ተለይቶ አያውቅም።

ቡናም እንደዚሁ ነበር። በዚያን ጊዜ በሸዋ ክርስቲያኖች ዘንድ ቡና የሙስሊም መጠጥ ተቆጥሮ የተነወረ ነበር። በአልዩ አምባ ግን ጀበናው ከእሳት አይወርድም፤ ጫቱም ለዱዓና ለጨዋታ ይቀርባል። ከአፋፉ በላይ ያለው ሰው የሚጸየፈውን ከአፋፉ በታች ያለው ሰው እንግዳ ያከብርበታል። ይህ ልዩነት የተሰበረው በኋላ፣ በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ በዐፄ ምኒልክ ዘመን፣ ቡና በክርስቲያኑም ቤት ቀስ በቀስ ሲገባ ነው። ዛሬ አቦል፣ ቶናና በረካ እየተባለ የሚጠጣውን ቡና የጥንት ዘመን ሁሉ ወግ አድርጎ የሚያስብ አንባቢ፣ የሸዋ ደጋ ጀበና በታሪክ ሲታይ የቅርብ ጊዜ ነገር መሆኑን ሊያስተውል ይገባል።

ይሁን እንጂ ልዩነቱ ጉርብትናን አላጠፋም። ለሠርግም ሆነ ለሐዘን ጎረቤት ይጠራራል፤ ለየሃይማኖቱ ለየብቻ ይታረዳል፤ ቢላዋው ሁለት፣ ድንኳኑ ግን አንድ ይሆናል። በሃይማኖት መለያየት አብሮ ከመኖር የማያግድ መሆኑን የይፋት ሕዝብ ያረጋገጠው በስብሰባ ሳይሆን ለጎረቤቱ የተለየ ምጣድ፣ የተለየ ዋንጫና የተለየ ፍሪዳ በማዘጋጀት ነው።

የቆመው ወፍጮ

በተጓዦቹ ጽሑፎች ውስጥ ከተወሱት ነገሮች ሁሉ በጥልቅ ሊታሰብበት የሚገባው የአንድ የውኃ ወፍጮ ታሪክ ነው። ድሜጥሮስ የተባለ የውጭ አገር ግንበኛ ለሣህለ ሥላሴ ቤት ይሠራ ነበር። ይኸው ሰው በአንኮበር ግርጌ በውኃ ኃይል የሚዞር የእህል ወፍጮ ሠርቶ ለንጉሡ አስረከበ። ወፍጮው ለጥቂት ቀናት ከፈጨ በኋላ ግን ያለ ሰው እጅ የሚፈጭ ነገር የሰይጣን ሥራ ነው ተብሎ በካህናት ተወገዘ፤ ሥራውንም አቆመ።

ይህን ታሪክ የጻፉት አውሮጳውያን የካህናቱን ኋላ ቀርነት ለማሳየት ይጠቀሙበታል። ነገሩ ግን ከዚህ የሰፋ ነው። ንጉሡ የውጭ ባለሙያ ሲያገኝ ከሁሉ አስቀድሞ የሚፈልገው ጠመንጃና ባሩድ ነበር። ሮሼ ዴሪኩር በሁለተኛ ጉዞው ካመጣቸው ስጦታዎች መካከል የባሩድ መፍጫ መሣሪያ ይገኝ ነበር። ባሩድ የሚፈጨው መሣሪያ በእልልታ ሲገባ፣ እህል የሚፈጨው ወፍጮ በግዝት ቆመ። ለምን? ባሩዱ የሚያስፈልገው ለገዥው ነበር፤ የእህሉ ወፍጮ የሚያቃልለው ግን የሴቶችንና የባሮችን ድካም ነበር። የእነርሱ ጉልበት በነፃ ስለሚገኝ፣ ወፍጮው ቢቆም ከገዥዎቹ መካከል ማንም ረሃብ አይሰማውም። በመሆኑም ለወፍጮው የሚከራከርለት ጠፋ።

ስለዚህ ወፍጮው የቆመው በእምነት ብቻ ሳይሆን በማኅበራዊው ሥርዓትም ነው። የሰው ጉልበት ርካሽ በሆነበት ኅብረተሰብ ውስጥ መሣሪያ ዋጋ የለውም። በይፋትና በመላው ኢትዮጵያ የገጠር ሴት ከዚያ በኋላም ከአንድ ምዕተ ዓመት በላይ በመጅ ስትፈጭ ኖረች። በሞተር የሚሠራው የእህል ወፍጮ ወደ ገጠር ከተሞች ሲደርስ፣ ለብዙ እናቶች ከማንኛውም የዘመናዊ ሥልጣኔ ዕቃ ይልቅ ትልቅ ለውጥ ሆኖ የተሰማቸው ያለምክንያት አይደለም።

ወደ ፓሪስ የሄደው

የእንግዶቹ ቆይታ በውል ተደመደመ። ሣህለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በኅዳር 16 ቀን 1841 ከእንግሊዝ ጋር፣ በሰኔ 7 ቀን 1843 ደግሞ በሮሼ ዴሪኩር አማካይነት ከፈረንሣይ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራረመ። በወረቀቱ ላይ የተጻፈው ንግድ በተግባር ብዙም አልገፋም። ከማዕዱ ወገን ግን አንድ ነገር ወደ አውሮጳ ተሻገረ፤ እርሱም ኮሶ ነው።

ጥሬ ሥጋ የሚበላ የሸዋ ሰው የኮሶ ትል ስለሚይዘው በየወሩ ወይም በየሁለት ወሩ የኮሶ አበባ ወቅጦ ይጠጣል። ባዕዳኑም በብርንዶ ግብር ላይ ከተቀመጡ በኋላ የመድኃኒቱን ጥቅም ለማወቅ ብዙ አልፈጀባቸውም። ሮሼ ዴሪኩር ኮሶን ወደ አውሮጳ ካደረሱት ሰዎች አንዱ ሆነ፤ አበባውም በዚያ በውድ ዋጋ ተሸጠ። በ1864 ኮሶ በእንግሊዝ የመድኃኒቶች መዝገብ ውስጥ ገባ። በአንኮበር ጫካ ያለ ዋጋ የሚለቀም አበባ፣ የአገሬው ሴት ወይዘሮና ገረድ አዘጋጅታ የምታጠጣው መድኃኒት፣ በአውሮጳ መድኃኒት ቤቶች መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ። ዕውቀቱን ያገኙት ከማን እንደሆነ ግን በጠርሙሱ ላይ አልተጻፈም።

መንገዱ ሲዞር

ከአርባ ዓመት በኋላ ሌላ ፈረንሣዊ በዚሁ መንገድ አለፈ። ባለቅኔ መሆኑን ትቶ ነጋዴ የሆነው አርቱር ሬምቦ እ.ኤ.አ. በ1886 መጨረሻ ከታጁራ ጠመንጃ ጭኖ ተነሥቶ በየካቲት 1887 አንኮበር ደረሰ። ነገር ግን የንጉሥ ምኒልክ ማዕከል ወደ እንጦጦ ዞሮ ስለነበር ጭነቱን ይዞ ወደዚያ መሄድ ግድ ሆነበት። የይፋት መንገድ ዘመን ወደ ማብቂያው መቃረቡን ይህ ጉዞ ያመለክታል። እ.ኤ.አ. በ1897 ሥራው የተጀመረው የጅቡቲ የምድር ባቡር በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ ንግዱ ከግመል ጀርባ ወርዶ ወደ ሐዲድ ገባ። የአልዩ አምባ የዐርብ ገበያ የቀድሞ ግርማውን አጣ።

ከዚያ በኋላ በጣሊያን ወረራ ዘመን የጣርማ በር ዋሻ ተፈልፍሎ ወደ ደሴ የሚወስደው የመኪና መንገድ በቆላው ሲያልፍ፣ በመንገዱ ዳር ያሉት ሸዋ ሮቢትን የመሳሰሉ ከተሞች እያደጉ ሄዱ። ከአዲስ አበባ 220 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ሸዋ ሮቢት ዛሬ በሽንኩርት፣ በቲማቲም፣ በማሾና በፍራፍሬ የምትታወቅ የመስኖ አገር ናት። የሰንበቴ የእሑድ ገበያ አሁንም አማራውን፣ አርጎባውን፣ ኦሮሞውንና አፋሩን ያገናኛል።

ሆኖም ለም የሆነው አገር ረሃብን አያውቅም ማለት አይደለም። በ1966 ዓ.ም. አካባቢ ወሎን የመታው ድርቅ በሰሜን ሸዋ የይፋትና ጥሙጋን ሕዝብም አጥቅቷል። ተጓዦቹ የገለጹት የተሞላ መሶብ የአንድ ክፍል፣ የአንድ ጊዜ መሶብ ነበር። ከአንድ የቤተ መንግሥት ማዕድ ተነሥቶ ሕዝቡ ሁሉ ጠግቦ ይኖር ነበር ብሎ መጻፍ ታሪክን ማዛባት ይሆናል።

የሚቀረው ሥራ

ከዚህ ሁሉ የሚወሰደው ትምህርት ግልጽ ነው። የባዕዳን ተጓዦች መጻሕፍት መጣል የለባቸውም፤ እንደ ወረዱም መቀበል አይገባም። ድርጎው ከየት እንደመጣ፣ ዱቄቱን ማን እንደፈጨው፣ ጠላውን ማን እንደጠመቀው እየጠየቁ ማንበብ ያስፈልጋል። የታሪክ መምህር ተማሪዎቹን የውሎቹን ቀናት ሲያስጠና የቆመውን ወፍጮ ታሪክም ቢያክልበት፣ የዘመኑን ኅብረተሰብ በይበልጥ ይረዱታል። ሠዓሊውም ስለ አንኮበር ዘመን ሲያስብ የዙፋኑን ድንኳን ብቻ ሳይሆን ከወፍጮው ፊት የተንበረከከችውን ሴት መሣል ይችላል።

በይፋት ቀበሌዎች በመጅ ፈጭተው ልጅ ያሳደጉ፣ የአርጎባን ምግብና የሸማ ሥራ በእጃቸው የሚያውቁ፣ ሁለት ቢላዋ ባለበት ድንኳን ያስተናገዱ እናቶች አሁንም አሉ። ሙያቸው በመጽሐፍ አልሰፈረም፤ ከእነርሱ ጋር እንዳያልፍ መመዝገብ አለበት። ንጉሡ ለእንግዶቹ የሰጠው የወርቅና የብር ስጦታ በየቤተ መዘክሩ ይጠበቃል። የተሰነጠቀው መጅና የተበላው ወፍጮ ግን በየጓሮው ተጥሎ ዝናብ ይመታዋል። እርሱን ማንሣትና ታሪኩን መጻፍ ከሩቅ የሚመጣ እንግዳ ሳይሆን የአገሬው ልጅ ሥራ ነው።